ማዝዳ ሚያታዬ በሆንዳ ሞተር፣ ከ14 ወር በኋላ፦ እነዚያን ሁለት ዘንጎች ባላወጣኋቸው

አባዬ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጥቶ እዚህ ቨርጂኒያ እኛ ጋ ነው። ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሰ ሰው ስለሆነ ከኤርፖርት ከተቀበልኩት ሰዓት ጀምሮ መኪናዬን ላሳየው ቸኩዬ ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አስቀመጥኩትና ሀይዌይ 66 ላይ ወጣን። አምስተኛ ማርሽ አስገብቼ 70 ማይል አካባቢ ስንደርስ መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ። ቀጥሎ ወለሉን ነካ፣ ከዚያ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ብረት። "ሞተሩ ጤነኛ ነው" አለኝ። "መኪናው ግን ይንቀጠቀጣል። ምን አወጣህበት?"

ምን ጨመርክበት አላለኝም። 14 ወር ሙሉ ለራሴ እንኳ ደፍሬ ያልነገርኩትን እሱ በአሥር ደቂቃ አገኘው።

መኪናዋ የ1990 ማዝዳ ሚያታ ናት፤ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ትንሽ መኪና። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሚያታዎች አንድ የታወቀ ሕመም አላቸው፦ የክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አፍንጫ አጭር ነው። ከፊት ያለውን ማርሽ ከዘንጉ ጋር የምታስረው ትንሽ ብረት የምትቀመጥበት ቦይ እየተበላ ይሰፋል፤ ፑሊው መወላገድ ይጀምራል፤ ሲብስ ታይሚንጉ (ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር የሚገጥሙበት ጊዜ) ይዛባል። የእኔም እዚያ ደርሳ ነበር። ያንኑ 1.6 ሊትር ሞተር ማደስ እችል ነበር። እኔ ግን 116 የፈረስ ጉልበት በቃኝ ብዬ ከ2006 አኩራ ቲኤስኤክስ (አኩራ የሆንዳ ምርት ነው) የወጣ ሆንዳ ኬ24 ሞተር ገዛሁ፦ 2.4 ሊትር፣ ከፋብሪካው ሲወጣ 205 የፈረስ ጉልበት። ቤቴ ጋራዥ ውስጥ፣ በኪራይ ሞተር ማንሻ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ እየሠራሁ ስድስት ወር ፈጀብኝ። ካምቢዮው የማዝዳው ነው፤ የቀድሞዎቹ የሆንዳ ሞተሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ነበር የሚዞሩት፣ የኬ ዓይነቱ ግን እንደሌላው ሞተር ስለሚዞር በማገናኛ ሳህን ከማዝዳ ካምቢዮ ጋር ይጋባል። ዲፈረንሻሉን የኋለኛው 1.8 ሊትር ሚያታ በነበረው ትልቅ ለወጥኩት፣ ያ ትንሹ ይህን ጉልበት አይችልምና። ሁሉም ተደምሮ 11,400 ዶላር ወጣ።

ከዚያ ወዲህ 9,000 ማይል ነድቻታለሁ። አትሞቅም፣ ዘይት አትበላም፣ መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም፤ የቨርጂኒያን ዓመታዊ የደህንነት ምርመራም አለፈች። ጠያቂዎቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ ስለ ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነቱ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ንዝረቱ ነው።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ሁለቱ ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ስለሚወርዱ ኃይላቸው የሚጣፋ ይመስላል። ሙሉ በሙሉ አይጣፋም። የፒስተኑ በትር እየዞረ ስለሚያዘነብል ፒስተኑ በጉዞው የላይኛው ግማሽ ላይ ከታችኛው ይልቅ ይፈጥናል። የሚተርፈው ኃይል ሞተሩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። የፒስተኑ ጉዞ በረዘመ፣ ፒስተኑም በከበደ መጠን ምቱ ይበረታል። የድሮው ሞተሬ የፒስተን ጉዞ 83.6 ሚሊሜትር ነበር፤ የኬ24 ደግሞ 99። ሆንዳ ይህን ስለሚያውቅ ነው ከዘይት ፖምፓው ጋር ሁለት ማመጣጠኛ ዘንጎች ያስቀመጠበት። በሞተሩ እጥፍ ፍጥነት፣ እርስ በርሳቸው በተቃራኒ እየዞሩ ያንን ምት ይሽሩታል።

እነዚያን ዘንጎች ነው ያወጣኋቸው። ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው "የታናሹን የኬ20 ሞተር፣ ዘንግ የሌለውን የዘይት ፖምፓ አድርግበት፣ ዘንጎቹ ትርፍ ክብደት ናቸው፣ ሞተሩም ከፍ ያለ ዙር ይችላል፣ ንዝረቱን አትሰማውም" አለኝ። አመንኩት። አሁን ከፊቴ ቢቆም የምለው አለኝ። እኔ በደቂቃ ከ7,000 ዙር አሳልፌ ነድቼ አላውቅም፤ ታዲያ የትኛውን ዙር ነው ያተረፍክልኝ? ፖርሼ እንኳ 944ን ሲሠራ ለ2.5 ሊትሩ አራት ሲሊንደር ሞተር የማመጣጠኛ ዘንጎችን ፈቃድ ከሚትሱቢሺ ገዝቷል። በሞተሩ የሚኮራ ፋብሪካ ገንዘብ ከፍሎ ከሌላው የወሰደውን አንተ ትርፍ ክብደት ትለኛለህ? "አትሰማውም" ማለት ደግሞ አንተ አልሰማኸውም ማለት ነው። የራስህ መኪና ማርሚታው ከሩቅ የሚጮኽ የውድድር መኪና ነበር፤ እዚያ ውስጥ ምን ይሰማል? እኔ ሥራ የምመላለስባት መኪና ናት ብዬ ነግሬሃለሁ።

የሚበዛው ከ3,200 እስከ 3,500 ዙር ሲሆን ነው። በእኔ ማርሾች ይህ በአምስተኛ ከ65 እስከ 70 ማይል ማለት ነው፤ እዚህ አገር ሰው ቀኑን ሙሉ የሚነዳበት ፍጥነት። በሰከንድ 110 ጊዜ ያህል ይመታል። መሪው ጣትን ያደነዝዛል። የመሐል መስታወቱ ውስጥ ከኋላዬ ያለ መኪና ሁለት ሆኖ ይታያል። የበር መሸፈኛ ቡሎኖች ሁለት ጊዜ ላልተው አጥብቄያቸዋለሁ።

አባዬ ግን ያስገረመው ንዝረቱ ከኋላ መምጣቱ ነው። ሞተሩ ፊት፣ ንዝረቱ ከወገብ በታች። ሰኞ ማታ በክሪክ አነሳናትና ከሥሯ ገባ። ሚያታ ካምቢዮው የራሱ ማረፊያ የለውም፤ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያያይዝ አንድ ረጅም የአሉሚኒየም አጥንት አለ። ሞተር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል አንድ አካል ናቸው፤ ፊት በሁለት፣ ኋላ በሁለት የጎማ ማረፊያ ብቻ ከመኪናዋ አካል ጋር ተይዘዋል። ጋዝ ሲነካ መኪናዋ ወዲያው እሺ የምትለው በዚህ ነው፣ እኔም የምወዳት ለዚህ ነው። ያው አጥንት ግን የሞተሩን ምት ሳያጎድል ጀርባዬ ድረስ ያመጣዋል። አባዬ በእጅ ባትሪ እያየ ብዙ ቆየ። "ጥሩ ሥራ ነው" አለ በመጨረሻ። "የሠራው ሰው ለነበረው ሞተር ነው ያሰበው።"

ሞተሩ የተቀመጠበት የጎማ ማረፊያ ከዕቃው ጋር የመጣው ደረቁ ዓይነት ነበር። ለስላሳውን አዘዝኩና ቅዳሜ ሁለታችን ቀየርነው። አባዬ ቡሎኑን ሲያጠብቅ፣ እኔ ከላይ ሞተሩን ደግፌ ስይዝ፣ በልጅነቴ ጋራዡ ውስጥ ባትሪ ይዤለት የቆምኩበት ጊዜ ነው የመጣብኝ። ከዚያ ሞከርናት። ግማሽ ያህሉ ጠፋ። መስታወቱ ውስጥ አሁን የኋላዬን መኪና ታርጋ አነባለሁ። ወለሉ ላይ ግን አሁንም አለ፤ ሁለት ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ስወርድ እግሬ ሥር ይቀራል። "ጎማ ብትቀይር ሕመሙ አልዳነም" አለ አባዬ። "በር ዘግተህበት ነው።"

በማግስቱ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ወጥተን ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የተራራ መንገድ ላይ ነዳናት። እዚያ ከ35 ማይል በላይ አይፈቀድም። በሦስተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር ስትሄድ ምቱ ስለሚደክም ጸጥ ብላ ትፈሳለች፤ ጣሪያው ተከፍቶ፣ ተራራው በሁለቱም በኩል፣ ጋዙን ገና ስትነካው የምትወጣ መኪና። አባዬ ባርኔጣውን ይዞ ሳቀ። ያን ቀን ብትጠይቁኝ ከ11,400 ዶላሩ አንዱንም አልጸጸትበትም ነበር። ሰኞ ጠዋት ቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው ሀይዌይ) ላይ 65 ማይል ስይዝ ደግሞ ያን ሻጭ አስታውሼ ጥርሴን ነከስኩ።

ስለዚህ ይህን ሞተር ለሚያታችሁ አታስገቡ አልልም። ሞተሩ ከተባለለት በላይ ነው፤ ወደ 6,000 ዙር ሲጠጋ የሚመጣው ጉልበት ዛሬም ልቤን ያዘልለዋል። ለውድድር ሜዳ ከሆነ ዘንጎቹን አውጡ፣ ግድ የለም። በየቀኑ ሀይዌይ የምትነዱ ከሆነ ግን ማንም "አትሰማውም" ሲላችሁ፣ ገንዘብ ሳትሰጡት በእሱ መኪና በ70 ማይል ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፤ መዳፋችሁን በሩ ላይ አሳርፉ።

የድሮው ፖምፓ ከነሁለቱ ዘንጎች ጋራዤ ውስጥ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በካርቶን ተቀምጧል። ባለፈው ወር በ80 ዶላር ልግዛው ያለኝ ሰው ነበር፤ እሺ ብዬው ነበር። አባዬ ካርቶኑን ከፍቶ ዘንጎቹን በጣቱ አዙሮ ካያቸው በኋላ ሰውየውን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። አይሸጡም።