ባለ 433 ሜጋኸርዝ ላኪና ተቀባይ፦ የሮቶ ውሃ ማለቁን ለመጠቆም ይበቃል?

ኤፍኤስ1000ኤ የሚባለው ላኪና ኤክስዋይ-ኤምኬ-5ቪ የሚባለው ተቀባይ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ነው የሚሸጡት። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውሃው ሲያልቅ ቤት ውስጥ የሚበራ መብራት ለመሥራት ለተነሳ ጀማሪ ከዚህ የቀለለ ገመድ አልባ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከካርቶኑ ወጥቶ እንዲሁ ከተሰካ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው እንኳ በቅጡ አይደርስም። ብዙ ሰው «ብልሽት ነው» ብሎ የሚጥለውም ለዚህ ነው።

የጎደለው አንቴና ነው። ላኪው ሰሌዳ ጥግ ላይ ኤኤንቲ የተጻፈባት ባዶ ቀዳዳ አለች። እዚያ 17.3 ሴንቲሜትር ነጠላ የመዳብ ሽቦ በይዱ፤ ተቀባዩም ላይ እንዲሁ። 300 ለ433.92 ሲካፈል የሞገዱ ርዝመት 69 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል፣ ሩቡ 17.3 ነው። ሽቦው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ቦታ ለመቆጠብ አትጠቅልሉት።

ስትገዙ ላኪው ላይ ያለችውን ክብ የብረት ቆብ አገላብጣችሁ እዩ። አር433ኤ የሚል ከሆነ ትክክል ነው። አር315ኤ ከሆነ የ315 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ከ433 ተቀባይ ጋር ፈጽሞ አይግባባም።

በአርዱኢኖ ኡኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ ራዲዮሄድ የሚባለው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የፕሮግራም ኮድ) በቂ ነው፦ የላኪው ዳታ ፒን 12፣ የተቀባዩ ፒን 11፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2000 ቢት። ላኪው ከ3.5 እስከ 12 ቮልት ይችላል፣ ቮልቱ ሲጨምር ርቀቱም ይጨምራል። ተቀባዩ ግን 5 ቮልት ይፈልጋል። መሃል ላይ ያሉት ሁለት የዳታ እግሮቹ አንድ ናቸው፣ አንዱን ብቻ አገናኙ። ላይብረሪው ታይመር 1 የሚባለውን የአርዱኢኖውን የውስጥ ሰዓት ቆጣሪ ስለሚይዝ ከተለመደው የሰርቮ (የትንሽ ሞተር) ላይብረሪ ጋር አብሮ ኮምፓይል አይሆንም።

ላኪው ዝም ሲል ተቀባዩ ዝም አይልም። ምልክት ሲያጣ የመስማት አቅሙን ራሱ ከፍ እያደረገ የአየሩን ጫጫታ ያወጣል። ዳታውን በቀጥታ ወደ ሲሪያል (ዳታ በተከታታይ ወደሚነበብበት መስመር) ያገናኘ ሰው ትርጉም የለሽ ፊደላት የሚያየው ለዚህ ነው። ላይብረሪው መልእክቱን አጣርቶ የተበላሸውን ስለሚጥል እሱን አትዝለሉት።

ለሮቶ ሥራ ትልቁ ፈተና የጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ብረት ሞገዱን ይመልሳል፤ ላኪው ከላይ፣ ተቀባዩ ልክ ከሥሩ ከሆኑ ምልክቱ ይሞታል። የላኪውን አንቴና ከቆርቆሮው ከፍ አድርጉ፣ ተቀባዩን ደግሞ ከመስኮት አጠገብ አስቀምጡ።

ሌላው ድክመት መልእክቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሄዱ ነው። ላኪው መድረስ አለመድረሱን አያውቅም። ስለዚህ በየ10 ሰከንዱ አንዱን መልእክት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ይላክ። ተቀባዩ ለአንድ ደቂቃ ምንም ካልሰማ ቀይ መብራት ያብራ። ይህች ቀይ መብራት ከሌለች የላኪው ባትሪ ያለቀ ቀን ሮቶው ሙሉ ይመስላችኋል።

ትንሽ ገንዘብ መጨመር ለሚችል ተቀባዩን ብቻ አርኤክስቢ6 በሚባል የተሻለ ተቀባይ መቀየር ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ ላኪው ያው ይቀጥላል። ለበር ቁልፍ ግን በፍጹም አትጠቀሙበት፤ መልእክቱን ማንም ቀድቶ መልሶ ሊልከው ይችላል።