ብርቱካናማው ቀን ወይስ አስገዳጅ ሕግ?

አሜሪካ ውስጥ በጥይት ሰው በተገደለ ቁጥር ይህ ክርክር ይነሳል። የአገሪቱ ምክር ቤት ስለ ጦር መሣሪያ ጥቃት የግንዛቤ ቀን ያውጅ ወይስ መሣሪያን የሚቆጣጠር ሕግ ያውጣ?

የግንዛቤ ቀን ውሳኔ
ድካሙ፦ ትንሽ ነው። ከምክር ቤቱ ሁለት ክፍሎች አንዱ የሆነው ሴኔት ብቻውን ያጸድቀዋል፤ የፕሬዚዳንት ፊርማ አያስፈልገውም።
ጉልበቱ፦ ማንንም አያስገድድም፤ በጀትም የለውም።

ግን ባዶ ነው አልልም። በጃንዋሪ 2013 ቺካጎ ውስጥ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ በጥይት ተገደለች። ጓደኞቿ እሷን ለማሰብ ብርቱካናማ ለበሱ። አዳኞች ጫካ ውስጥ በስህተት እንዳይተኮስባቸው የሚለብሱት ቀለም ነው። “ሰው ነኝ፣ እዩኝ” እንደማለት። ዛሬ በየዓመቱ የጁን የመጀመሪያ ዓርብ ብዙዎች ይህንኑ ቀለም ይለብሳሉ። የልጆቹ ሐሳብ ከየትኛውም የምክር ቤት ወረቀት ቀድሞ ነበር።

አደጋው፦ ፖለቲከኛው ፎቶ ተነስቶ ሥራው እንዳለቀ መቁጠሩ። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

አስገዳጅ ሕግ
ድካሙ፦ ከባድ ነው። ሴኔት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 60 ድምፅ ይፈልጋል።
ጉልበቱ፦ በ2022 ቴክሳስ፣ ኡቫልዴ 19 ተማሪዎችና 2 መምህራን ከተገደሉ በኋላ በሴኔት 65 ለ33 ያለፈው ሕግ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች በሆኑ የጦር መሣሪያ ሸማቾች ላይ የኋላ ታሪክ ምርመራውን አጥብቋል።
አደጋው፦ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል።

ድምፁ ካልተገኘ፣ ሐዘንተኛ ቤተሰብም ልጁ እንዳይረሳበት ከፈለገ የግንዛቤ ቀኑ ይጠቅማል። ድምፁ እያለ ግን ቀን ብቻ ማወጅ አይበቃም። ያኔ ሕጉ ይቅደም።