ደብረ ብርሃን አካባቢ ዛፍ የምታስቆርጡ፣ ይህን ሰው ጥሩት

ሰላም ወገኖቼ። ምስጋናዬ ዘግይቷል፣ ግን ሳልጽፈው አላልፍም።

እናቴ ግቢ ውስጥ አያታችን የተከሉት ጥድ ነበር። ካቻምና ክረምት ጎርፍ ሥሩን አጥቦት ወደ ቤቱ አዘነበለ። ነፋስ በተነሳ ቁጥር እናቴ እንቅልፍ የላትም።

መጀመሪያ ያናገርኩት ቆራጭ "ማታ እንጣለው፣ ማን ያያል" አለኝ። ደስ አላለኝም። ከዚያ ሰው ይህን ልጅ ጠቆመኝ። መጥቶ ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየና "የፈቃድ ወረቀቱስ?" አለ። የለም ስለው መጋዙን ከባጃጁ እንኳ አላወረደም።

ትቶኝ ግን አልሄደም። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ባሕር ዛፍ ሌላ ነገር ነው፤ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ግን አገር በቀል ናቸው፣ የራሴ ግቢ ነው ተብሎ ዝም ብሎ አይጣልም። የደን አዋጁ፣ 1065/2010 ማለት ነው፣ የግል ደንን ያውቃል፣ ግን ከነግዴታው ነው። እኛ ማመልከቻ ለቀበሌ አስገባን፣ የግብርና ባለሙያ መጥቶ አየ፣ ከዚያ ከወረዳ ደብዳቤ ተጻፈልን። ማመልከቻው ላይ የዛፉን ዓይነት፣ ከቤቱ ያለውን ርቀትና ያዘነበለበትን አቅጣጫ ጻፍ ያለኝ እሱ ነው፣ ባለሙያውም ሲመጣ የጠየቀው ይህንኑ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፦ እንጨቱን ጭናችሁ የምትወስዱት ከሆነ የመዘዋወሪያ ፈቃድ ለብቻው ነው፣ ያለሱ ኬላ ላይ ይያዛል። እኛስ የትም አልወሰድነውም። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም፣ የአጥር ቋሚ አደረግነው።

ቆረጣው ራሱ መታየት ነበረበት። ከጫፉ ጀምሮ በገመድ እያሰረ አወረደው፣ አንድ ቆርቆሮ አልተነካም። እናቴ አልቅሳ ነበር። "እማማ፣ የመናገሻ ሱባ ደን ጥድ እኮ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ዘሩ ከእኛው ወፍ ዋሻ ደን ነው የሄደ ይባላል፣ ይኼም ይተካል" አላት።

ደብዳቤያችን በምትኩ 10 ችግኝ ተክሉ ይላል (የእናንተን ከቀበሌያችሁ ጠይቁ)። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚዘናጋው። እሱ ግን ሥራው አልቆ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ በግንቦት ተመልሶ መጣና ጉድጓዱን አስቆፈረን። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀመጠ፣ ሲተከል መጀመሪያ ሥሩ ላይ የሚመለሰው እሱ ነው። ሐምሌ ላይ ከችግኝ ጣቢያ ጥድና ኮሶ አመጣን። ላስቲኩን ቀዶ ማውለቅ አትርሱ፣ እንዳለ የሚቀብረው ሰው ብዙ ነው፣ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ውርጩ ሲጀምር ደግሞ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ችግኞቹን በሣር ከለለልን። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቁታላችሁ። 8ቱ ቆመዋል።

ወንድሜ፣ እናቴ እድሜ ይስጥህ ብላሃለች።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እልክላችኋለሁ። ወረቀት ባይኖራችሁም ደውሉለት፣ ከየት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል።