ያገለገለ ካሜራ በአዲስ አበባ፦ ሱቆቹ፣ ሌንስ አከራዩ፣ ጠጋኙና ፎቶ ቤቱ

ከሜሪላንድ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ስገባ ከያዝኳቸው ጉዳዮች አንዱ ለእህቴ ልጅ ካሜራ መግዛት ነበር። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ነው። በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ ዓይን አላት፣ አሁን ደግሞ በደንብ መማር ፈልጋለች። "አክስቴ፣ ከዚያ ገዝተሽ አታምጪልኝ። እዚሁ በእጄ ይዤ ልምረጥ" አለችኝ። ልክ ነች። አሜሪካ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ግን ካሜራው አዲስ አበባ ላይ ሲበላሽ እኔ አጠገቧ አልኖርም። የሸጠላት ሰው፣ የሚጠግንላት ሰው፣ ባትሪ የሚያውሳት ጓደኛ ቅርቧ ቢኖር ይሻላል።

ስለዚህ አብረን ዞርን። ያየናቸውን ሱቆች፣ ሌንስ የተከራየንበትን ቤት፣ ጠጋኙንና ፎቶ ያሳጠብንበትን ቤት እዚህ እጽፋለሁ። ስማቸውን አልጠራም። እኔ የማውቃቸው የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ተበታትነዋል፤ ሌሎቹም ቶሎ ቶሎ ቦታ ይቀይራሉ። የሚጠቅማችሁ ምን ዓይነት ሰው ጋ መሄድ እንዳለባችሁ ማወቅ ነው። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ጀማሪ ከዕቃው በፊት ሻጩን ይምረጥ። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

አስቀድሞ ስለ ገበያው አንድ ነገር ይታወቅ። አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠው ያገለገለ ካሜራ ብዙው ሰርግ ሲሠራ የኖረ ነው። ጥርና ሚያዝያ ላይ እረፍት የለውም። ሻጮቹ "ሾቱ ትንሽ ነው" ይላሉ። ሾት ማለት መዝጊያው፣ ሹተሩ፣ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደተዘጋ የሚቆጥረው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ይጠቅማል፤ ብዙዎቹ መካከለኛ ካሜራዎች ሹተራቸው 100 ሺህ ጊዜ ያህል እንዲሠራ ታስቦ ነው የሚመረቱት። ግን ቪዲዮ ሲቀረጽ ሹተሩ ተከፍቶ ይቆያል እንጂ ለእያንዳንዱ ምስል አይመታም። ሙሉ ቀን ሰርግ የቀረጸ ካሜራ ቁጥሩ ብዙም ሳይነካ ሴንሰሩ፣ ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል፣ ግን ለሰዓታት ሲግል ሊውል ይችላል። ስለዚህ "ስንት ሾት አለው?" ብላችሁ አታቁሙ። "ምን ሥራ ሲሠራ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ታማኝ ሻጭ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ የገባንበት ቦሌ ያለ ሱቅ በጣም ያምራል። መብራቱ፣ መስታወቱ፣ ቡናው ሁሉ አለ። ልጁ ካነን 5ዲ ማርክ ቱ አወጣልንና "እንደ አዲስ ነው፣ ፉል ፍሬም ነው፣ ይሄን ከገዛሽ ሌላ አትፈልጊም" አላት። ፉል ፍሬም ማለት ሴንሰሩ ትልቅ ነው ማለት ነው። ካሜራው በጊዜው ታላቅ ነበር፤ አሁንም ፎቶው ያምራል። ግን በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። መያዣው ላይ ያለው ጎማ አዲስ ሆኖ ሥሩ ያሉት ብሎኖች ተፍቀዋል፤ ተፈትቶ የተነካካ ይመስላል። የራሳችንን ሚሞሪ ከተን ጥቂት ፎቶ እናንሳ ስንል "ሚሞሪ አይገባም" አለ። ለምን እንደማይገባ ሊነግረን አልፈለገም። አመስግነን ወጣን። ሚሞሪ አላስገባም የሚል ሱቅ ዋጋውን ግማሽ ቢያደርገውም አትግዙ።

መገናኛ ያለው ሁለተኛው ሱቅ ደግሞ ጨዋ ነበር፣ ግን ዕቃውን አያውቀውም። ኒኮን ዲ5300 ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር አቀረበልን። የእህቴ ልጅ ደጋግማ ሞከረች፣ ፎከስ አላደርግ አላት። ሻጩ "ትንሽ ጠብቂው" ይላታል። ቢጠበቅም ለውጥ የለውም። የኒኮን ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ሌንሱ የራሱ ሞተር ያለው፣ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የተጻፈበት መሆን አለበት። ያ ሌንስ ግን የድሮው ዲ ዓይነት ነው። በእጅ እየተዞረ ይሠራል፤ ለጀማሪ ግን ፈተና ነው። ኒኮን የምትገዙ ይህን ያዙ፤ ሌንሱ ላይ ያለችው ትንሽ ፊደል ትልቅ ነገር ናት።

ካነንም የራሱ ወጥመድ አለው። ኢኤፍ-ኤስ የተባለው ሌንስ ለትንሹ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ 5ዲና 6ዲ ላይ አይገባም። ኢኤፍ የሚለው ግን ሁለቱም ላይ ይገባል። ኢኤፍ በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ የዚያን ጊዜ ሌንስ ዛሬም ይሠራል። ውስጣቸው መስታወት ወደሌላቸው አዲሶቹ የካነን አር ካሜራዎችም በአዳፕተር፣ በማገናኛ ቀለበት፣ ይሻገራል። ለዚህ ነው ለእህቴ ልጅ "ቦዲው፣ ካሜራው ራሱ፣ ያረጃል፣ ሌንሱ አብሮሽ ይቆያል" እያልኩ የነገርኳት።

የገዛነው ሦስተኛው ሱቅ ነው። ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፣ መስታወት እንኳን በቅጡ የላትም። ልጁ መጀመሪያ የጠየቃት "ምን ማንሳት ነው የምትወጂው?" ብሎ ነው። "ሰው። ቤት ውስጥ፣ ቅርብ" አለችው። 5ዲውን ሊሸጥላት አልሞከረም። ካነን 70ዲ አወጣ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ 20 ሜጋፒክስል ነው፣ ዋይፋይ አለው፤ ፎቶውን ወደ ስልክ ታስተላልፋለች። ባትሪው ኤልፒ-ኢ6 ነው። ይሄ ባትሪ ከ60ዲና 80ዲ፣ ከ6ዲ፣ ከ5ዲ ማርክ ቱ እስከ ማርክ ፎር ጋር አንድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከእነዚህ አንዱ ያለው ጓደኛ ሁሉ ባትሪ ሊያውሳት ይችላል ማለት ነው። እኔ አምጥቼላት የነበረው ኦሪጅናል ቻርጀርም ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ያስፈለገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው።

ከዚያ ፍተሻው ተጀመረ፤ ቸኩሉ ያለን የለም። የእህቴ ልጅ ካሜራው ላይ የተገጠመውን የ18-55 ሚሊሜትር ሌንስ አውልቃ የስልኳን መብራት ከኋላው አበራችበት። አየር አረፋ የሚመስል አንድ ሁለት ነጥብ አለ፤ ያ አይጎዳም። ቀጥሎ ሌላ ሌንስ አበራች። ከዳሩ ወደ መሃል የሚሄድ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ታየ። ሻገታ ነው። ሻገታ እርጥበት ይወዳል፤ ክረምቱን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ላይ ይወጣል። ልጁ ራሱ "እሱን ተይው" ብሎ መልሶ ወሰደው።

ለሴንሰሩ ደግሞ አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ 16 ላይ አድርጋ (ቁጥሩ ሲበልጥ ቀዳዳው ይጠባል) ነጭ ወረቀት አነሳች፣ ፎከሱን አጥፍታ። ፎቶውን አጉልተን ስናየው ላይኛው ጥግ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ። አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ቀለም ያለው፣ ባነሳችሁት ፎቶ ሁሉ ላይ አንድ ቦታ የሚበራ ነጥብ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ፍላሹን አበራን። ሁሉንም ቁልፍ ነካን። ቪዲዮም ቀረጽን፤ ምክንያቱም 70ዲ ቪዲዮ ላይ ፎከሱ ለስለስ ብሎ ሰው እንዲከተል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ እዚያ ላይ ካደናቀፈው ችግር አለበት ማለት ነው።

ቢሆንም ወዲያው አልከፈልንም። "ጠጋኝ ጋ ወስደን እናሳይ?" ስለው ልጁ ፊቱ አልተቀየረም። "እኔም አብሬያችሁ ልሂድ" አለ። ይሄ ነው ሻጭ ማለት።

ጠጋኙ ሽማግሌ ናቸው። ከፊልም ካሜራ ጀምሮ የሠሩ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ያሉት ብሎኖች በትንንሽ ክዳን ውስጥ ተለይተው ተቀምጠዋል፣ አንዱ ከሌላው አይደባለቅም። "ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ካሜራ ልንገዛ ነው፣ እዩልን" አልኳቸው። "አምጪ ልጄ" አሉ። ካነን ብዙ ጊዜ የሾቱን ቁጥር ፎቶው ውስጥ አይጽፍም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው አነበቡት። ከ40 ሺህ ጥቂት አለፍ ብሏል። ከዚያ ካሜራውን ጆሯቸው አጠገብ ይዘው ደጋግመው ሹተሩን መቱ። "ድምፁ አንድ ነው፣ አይንገዳገድም" አሉ። ሴንሰሩን እዚያው አጸዱልን። የጠየቁን ገንዘብ ከሠሩት ሥራ ያነሰ ነው፤ ጨምረን ሰጠናቸው። የእህቴ ልጅ ስልካቸውን መዘገበች። ከግዢው ሁሉ ያስደሰተኝ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ እጅ አሁንም ከተማው ውስጥ አለ።

ወደ ሱቁ ተመልሰን በቴሌብር ከፈልን። ልጁ የካሜራውን ሲሪያል ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ፣ የአንድ ሳምንት ዋስትና ብሎ ፈርሞ ሰጣት። ይህን ወረቀት ጠይቁ፤ የተሰረቀ ዕቃ የያዘ ሰው ሲሪያል አይጽፍላችሁም። ዋጋው ርካሽ ነበር አልልም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሻጩ ሁሉ በልቡ በዶላር ነው የሚያሰላው። ያኔ ዋጋ ሲጨምር የቆየ ሰው ዛሬ "ዶላር ወርዷል" ቢባል አይቀንስም። ግን ተመጣጣኝ ነበር፤ ጥቂት ስንከራከርም ቦርሳና ሚሞሪ መረቀልን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሌንስ። ያማከርነው ሰው ሁሉ "50 ሚሊሜትር ግዙላት" አለን። እኔም ያ ሐሳብ ነበረኝ፤ ርካሽ ነው፣ ብርሃን በደንብ ያስገባል። የእህቴ ልጅ ግን "ከመግዛታችን በፊት እንከራየው" አለች። ካሜራና ሌንስ የሚያከራዩ ቤቶች በዝተዋል። እኛ የሄድንበት ቤት የእሷን መታወቂያና ዋስ ጠየቀ። የእኔን ፓስፖርት አልፈለጉም። ከውጭ ለመጣ ሰው ሊያስቸግር ይችላል፤ አገር ውስጥ ያለ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን ሲሰጡን ፊት ለፊታችን ፎቶ አንስተው፣ ስንመልስም እንዲሁ አድርገው ተቀበሉን። ሥርዓታቸው ጥሩ ነው።

እሑድ እናቴ ቤት ቡና ተፈላ። የእህቴ ልጅ 50ውን ገጥማ ቆመች። ሳሎኑ ጠባብ ነው። የ70ዲ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር ያህል እይታውን ስለሚያጠብ፣ ጀርባዋ ግድግዳ እስኪነካ ብታፈገፍግም ረከቦቱ ከገባ የአያቷ ፊት ይወጣል። የአያቷ ፊት ብቻውን ግን እጅግ አምሮ ወጣ፤ መቼም የማልሰጠው ፎቶ ነው። ሆኖም ልጅቷ የምትወደው ሰውና ቤቱን አንድ ላይ ማየት ነው። ስለዚህ 50ውን መልሰን 24 ሚሊሜትር ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ ፈለግን፤ ሚሊሜትሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል። ቀጭን ናት፣ አፐርቸሯ 2.8 ነው፣ ቤት ውስጥ ትመቻለች። ለማግኘት ብዙ ዞርን፤ በመጨረሻ ካሜራውን የሸጠልን ልጅ ከሌላ ሱቅ አስመጣልን። የአንድ ቀን ኪራይ የማትስማማትን ሌንስ ከመግዛት አዳናት።

ለጥምቀት ጃንሜዳ ሄደን ነበር። አቧራውን የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ ሌንስ መቀየር ካሜራውን አቧራ ማብላት ነው፤ አንዱን ገጥማ ከቤት ወጣች፣ ቤት እስክትመለስ አልነቀለችውም። የጸዳው ሴንሰር እንደጸዳ ተመለሰ።

በመጨረሻ ፎቶ አሳጠብን። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ፎቶ ቤት ነው፤ ሥራው ፈጣን፣ ቀለሙም ደህና ነው። አንድ ቅሬታ አለኝ። 13 በ18 ሳንቲሜትር ያዘዝናቸው ላይ የሰዎች ራስና እግር ተቆርጦ ወጣ፣ ሳይነግሩን። የካሜራው ፎቶ 3 ለ2 ነው፤ 10 በ15 ላይ ልክ ይገባል፣ 13 በ18 ላይ ግን ረጅሙ ጎን ይተርፋል። ማሽኑ የተረፈውን ይቆርጠዋል። ስንናገር ያለ ክርክር በነጭ ጠርዝ ደግመው አተሙልን፣ ተጨማሪም አላስከፈሉንም። እናንተ ስታዝዙ ቀድማችሁ "ሳይቆረጥ፣ ጠርዝ ይተውለት" በሏቸው።