አንድ ጊታር፣ አራት ዓይነት ክር፦ ለትዝታና ለችክችካ የሚስማማው የትኛው ነው?

የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾች ስንገናኝ ስለ ጊታራችንና ስለ አምፕሊፋየራችን አውርተን አንጠግብም፤ ጣታችን በየቀኑ የሚያርፍበትን ክር የምናነሳው ግን ሲበጠስ ብቻ ነው። እኔም ካዛንቺስ አካባቢ ማታ ማታ መጫወት ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ ለዓመታት የኖርኩት እንዲሁ ነው። ክር ሲያልቅብኝ ሱቅ ገብቼ ያገኘሁትን አስር ቁጥር (ቁጥሩ የክር ውፍረት መለያ ነው) ገዝቼ እወጣለሁ እንጂ ከምን እንደተሠራ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከዚህ ልማድ ያላቀቀኝ አንድ ክፉ ምሽት ነው። የፒያሳ አሮጌ ሱቆች ከመፍረሳቸው በፊት ከአንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ገብቼ ለኤሌክትሪክ ጊታር የሚሆን ክር ብጠይቅ፣ ሻጩ «ወንድሜ፣ ሁሉም ያው ነው» ብሎ ወርቃማ ቀለም ያለው ክር ሰጠኝ፤ እኔም ቸኩዬ ስለነበር ሳላገላብጠው ከፍዬ ወጣሁ። ማታ መድረክ ላይ ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች እንደ ወትሮው ጥርት ብለው ሲሰሙ፣ አራቱ ወፍራሞች ግን ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ድምፅ ደክመው ቀሩ። አምፕሊፋየሩን ከፍ ባደርገው ቀጫጭኖቹ ጆሮ የሚበሱ ሆኑ፤ ዝቅ ባደርገው ወፍራሞቹ ጨርሰው ጠፉ። የተሰጠኝ ለአኮስቲክ ጊታር የተሠራ የነሐስ ክር ነበር። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ስለሆነ፣ ድምፅ የሚያወጣው በላዩ የሚርገበገበው ክር ማግኔት የሚስበው ሲሆን ነው። ነሐስን ማግኔት አይስበውም፤ ስለዚህ ፒክአፑ የሚያገኘው ከነሐሱ ሥር ያለችውን ቀጭን የብረት ሽቦ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክርን በጥሞና ለመመርመር ወሰንኩ። ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለችው የመለማመጃ ክፍላችን ውስጥ፣ በአንድ ጊታርና በአንድ አምፕሊፋየር፣ ምንም ዓይነት ኢፌክት (ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ) ሳልጠቀም፣ አራት ዓይነት ክሮችን ተራ በተራ እየገጠምኩ እያንዳንዱን ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ተጫወትኩባቸው። ሁሉም ከ10 እስከ 46 የሚባለው ልክ ናቸው፤ ይህም ቀጭኑ ክር ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ወፍራሙ ደግሞ 1.17 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው ማለት ነው። ጊታሬ ከነት እስከ ብሪጅ፣ ማለትም ክሩ ከሚያርፍባቸው ሁለት ድጋፎች ከአንዱ እስከ ሌላው፣ 648 ሚሊ ሜትር የሚለካ የስትራቶካስተር ዓይነት ነው። ሁለቱን ክሮች እዚሁ ከተማ ውስጥ ገዛኋቸው፤ ሁለቱን ግን ከውጭ የመጣ ዘመድ አመጣልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ራሴ ዘግይቼ የተረዳሁት ስለሆነ። ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ምንም ያልተጠመጠመባቸው የብረት ሽቦዎች ስለሆኑ፣ በኩባንያና በኩባንያ መካከል ያላቸው ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው። የክር ዓይነት የሚለየው በሦስቱ ወፍራሞች ላይ፣ በመሐል ሽቦው ዙሪያ በሚጠመጠመው ብረት ነው። ስለዚህ «ይህ ክር በላይኛው ዜማ ላይ ይዘምራል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ስለ ክሩ ውፍረት ወይም ስለ ገዛ ጣቱ እየነገረኝ እንደሆነ እረዳለሁ።

መጀመሪያ የገጠምኩት ዳዳሪዮ ኢኤክስኤል 110 ነው። መሐሉ ባለ ስድስት ጎን የብረት ሽቦ ሲሆን፣ በላዩ በኒኬል የተለበጠ ብረት ተጠምጥሞበታል። ድምፁ ብሩህና ሚዛናዊ ነው፤ ከስድስቱ አንዱም ከሌላው በልጦ አይጮህም፣ አንዱም ወደ ኋላ አይቀርም። በችክችካ ምት፣ በግራ እጅ ክሩን አፍኖ በቀኝ እጅ ቶሎ ቶሎ መምታት በሚጠይቀው አጃቢ አጨዋወት፣ እያንዳንዱ ምት ከከበሮው ጋር ተለይቶ ይሰማል። ኪቦርድና ሳክስፎን በአንድ ላይ ሲገቡም ጊታሩ አይዋጥም። በእጅ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትንሽ ደረቅ ነው። የወደድኩለት ሌላ ነገር በክሩ ጫፍ ያሉት እንክብሎች በየቀለማቸው መለየታቸው ነው፤ ቀጭኑ ብርማ፣ ሁለተኛው ወይን ጠጅ፣ ሦስተኛው አረንጓዴ፣ አራተኛው ጥቁር፣ አምስተኛው ቀይ፣ ስድስተኛው የነሐስ ቀለም ነው። መብራት በደበዘዘበት መድረክ ላይ ክር ለሚቀይር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኩባንያው በስሙ ስለሚሸጡ ሐሰተኛ ክሮች ሲያስጠነቅቅ ስለቆየ፣ የእንክብሎቹ ቀለም ማሸጊያው ላይ ከታተመው ቅደም ተከተል ጋር ካልተጣጣመ ክሩን መልሱት።

ይኸው ኩባንያ የእያንዳንዱን ክር ውጥረት ስለሚያሳውቅ፣ በስሜት ብቻ እናወራው የነበረውን ነገር በቁጥር ለማየት ይረዳል። እንደኔ ባለ ጊታር ላይ አስር ቁጥሩ ቀጭን ክር ሲቃኝ ወደ 7.3 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይወጠራል፤ ስድስቱ ሲደመሩ ወደ 47 ኪሎ ግራም ይደርሳሉ። ከ9 እስከ 42 የሚባለው ቀለል ያለ ልክ ግን ድምሩ 39 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ጣት ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቀዋል። እንደ ሌስ ፖል ባሉት፣ ርዝመታቸው 628 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታሮች ላይ ደግሞ ያው ክር ወደ ስድስት በመቶ ገደማ ስለሚላላ፣ የጓደኛህን ጊታር ይዘህ «ክርህ እንዴት ለሰለሰ» ብትል ምስጢሩ ከክሩ ሳይሆን ከጊታሩ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የመጣው የኧርኒ ቦል ሬጉላር ስሊንኪ ነው። ስሊንኪ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታወቅ ስም ሲሆን፣ በእኛም ከተማ ሙዚቀኛ ሁሉ የሚያውቀው ማሸጊያ አለው። የተሠራበት ነገር ከዳዳሪዮው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ልዩነቱ የሰማይና የምድር አይደለም። ለእኔ ጣት ግን ወፍራሞቹ ክሮች ትንሽ ለስለስ ይላሉ፤ የመሐሉ ድምፅ ጎላ፣ የላይኛው ብልጭታ ደግሞ ቀነስ ያለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን በጣም ያስደስታል። ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሙከራው ሐምሌ ላይ ስለዋለ፣ ከእርጥበቱና ከእጄ ላብ የተነሣ ቀጭኑ ክር ላይ እንደ ቡና ዱቄት ያሉ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። ጣቴን ከሁለተኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለ የብረት መስመር) ወደ ሰባተኛው ሳንሸራትት የሚቧጥጥ ነገር ይሰማኝ ጀመር፤ ቀና አድርጌ ብርሃን ላይ ባየው ነጠብጣቦቹ የሚገኙት ጣቴ ዘወትር በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ወፍራሞቹም ደነዘዙ። ዳዳሪዮውን የሞከርኩት በግንቦት ስለነበር ሁለቱን በዚህ ረገድ ማበላለጥ ፍትሕ አይሆንም።

ሦስተኛው፣ ልቤን የነካው፣ ፌንደር ኦሪጅናል 150 ነው። ጥምጥሙ ንጹሕ ኒኬል ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች በአብዛኛው እንዲህ ይሠሩ ነበር፤ በኋላ ኒኬል ሲወደድ ፋብሪካዎች በኒኬል ወደ ተለበጠ ብረት ዞሩ። ንጹሕ ኒኬል ከብረት ያነሰ የማግኔት ጉልበት ስላለው ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ፒክአፑን በብሎን መፍቻ ትንሽ ወደ ክሩ ማስጠጋት ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ ግን ሌላ ነው። ሲመታ አይነክስም፤ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ቀስ ብሎም ይሟሽሻል። ትዝታን በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ዝግ ብዬ ስጫወት፣ በየድምፁ መካከል የቀረው ዝምታ እንኳ የዜማው አካል ሆኖ ተሰማኝ። አንድ ምሽት ከልምምድ በፊት፣ ከካሴት ዘመን ጀምሮ የተጫወቱ አንጋፋ ጊታሪስታችን ጊታሩን ከእጄ ተቀብለው ጥቂት ከመቱ በኋላ «ልጄ፣ ይህን ክር አታውልቀው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኳቸው።

ቃሌን ግን አልጠበቅኩም። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሞልቶ፣ ከበሮውና ነፋስ መሣሪያዎቹ በሙሉ ኃይላቸው ሲገቡ፣ ያ የሚያምር ለስላሳ ድምፅ ከመሐላቸው ጠፋ። የችክችካው ምት ጭቃ ሆነ። ሦስት ሳምንቱ ሲሞላ እያዘንኩ አወለቅኩት።

አራተኛው ኤሊክሰር ናኖዌብ ነው። ሠሪው ጎር የተባለው፣ ውኃ በማያስገባ ጨርቅ የታወቀው ኩባንያ ሲሆን፣ ክሩን ከተጠመጠመ በኋላ ከውጭ በስስ ሽፋን ያለብሰዋል፤ ስለዚህ ላብና ቆሻሻ በጥምጥሙ መካከል አይገባም። ቀጫጭኖቹም ዝገት በሚከላከል ነገር ተለብጠዋል። በእጅ ላይ ያለው ስሜት ለብዙዎች የሚያከራክር ነው፦ ክሩ ያንሸራትታል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ጣቴ ክሩን የማይጨብጠው እየመሰለኝ ተቸገርኩ፤ በተለይ ክሩን ገፍቼ ድምፁን ከፍ ሳደርግ። በሌላ በኩል ጣት ወፍራም ክር ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ጩኸት በጣም ስለሚቀንስ፣ በቀረጻ ጊዜ ይህ ዋጋው ብዙ ነው። የመጀመሪያ ቀን ብሩህነቱ ከዳዳሪዮው በጥቂቱ ያንሳል። ሆኖም ነሐሴን ሙሉ ተጫውቼበት በአምስተኛው ሳምንት የነበረው ድምፅ በመጀመሪያው ቀን ከነበረው ብዙም አልራቀም። ያረጀበትን ምልክት ያየሁት በጆሮዬ ሳይሆን በዓይኔ ነው፦ ፒኩ (ክር መምቻው) በሚመታበት ቦታ፣ በአራተኛው ክር ላይ ሽፋኑ ተልጦ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ጭረት ተንጠልጥሎ ነበር። ድምፁን አልለወጠውም፤ ለዓይን ግን ደስ አይልም።

ዋጋው ከተራው ክር እጥፍ ገደማ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የክር ዋጋ ለእያንዳንዳችን የሚሰማ ወጪ ስለሆነ፣ ይህን አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን በክረምት ተራውን ክር በየሁለት ሳምንቱ የሚቀይር ሰው በአምስት ሳምንት ውስጥ ከሁለት በላይ ማሸጊያ ይገዛል፤ ያን ጊዜ ውዱ ክር ርካሹ ሆኖ ይገኛል። በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ሒሳቡ ይገለበጣል።

ስለ ውፍረት ደግሞ፣ ቅኝቶቻችንን በሚመለከት ሳልናገር የማላልፈው ጉዳይ አለ። ብዙ ወጣት ተጫዋቾች ክር ለመግፋት ስለሚቀል ዘጠኝ ቁጥር ይመርጣሉ፤ የመሰንቆን እንጉርጉሮ በጊታር ለማምጣት ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ይገባኛል። ነገር ግን የላላ ክር በኃይል ሲመታ ወይም ፍሬቱ ላይ በኃይል ሲጫን ድምፁ ለቅጽበት ከልኩ ከፍ ይላል። በትዝታ ሜጀር፣ ድምፆቹ ተራርቀው በተቀመጡበት ቅኝት፣ ይህ ብዙ አያሳፍርም። በአምባሰልና በአንቺሆዬ ግን ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ያች ትንሽ መዛባት የቅኝቱን መልክ ታጠፋዋለች። እጄ ከባድ ስለሆነ እኔ ከአስር ቁጥር አልወርድም። እጁ ቀላል የሆነ ሰው በዘጠኝም አንቺሆዬን ንጹሕ አድርጎ ሊጫወት ይችላል፤ እንዲህ የሚጫወቱ ሰምቻለሁ። በገና ደርዳሪዎች ከበግ አንጀት የተሠራውን ጅማት አንድ በአንድ እየዳሰሱና እያደመጡ ሲመርጡ ያየ ሰው፣ የፋብሪካ ክር ለሚገዛም ይህን ያህል ጥንቃቄ እንደሚገባ አይጠራጠርም።

ከማይዝግ ብረት የሚሠሩት ክሮች ከሁሉም ይበልጥ ብሩህ ናቸው፤ ነገር ግን ፍሬት በፍጥነት ስለሚበሉና ጥሩ ፍሬት የሚቀይር ባለሙያ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ጊታሬ ላይ አልገጠምኳቸውም።

አሁን ለምሽት ሥራ የምይዘው ጊታር ላይ ያለው ዳዳሪዮ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ኤሊክሰር እቀይርበታለሁ። ከተጫወትኩ በኋላ ክሮቹን ከላይም ከሥርም በደረቅ የጥጥ ጨርቅ መጥረግ ልማድ ሆኖብኛል። ንጹሕ ኒኬሉን ግን አልተውኩትም። አንድ አሮጌ ጊታር አስጠግኜ እሱን ገጠምኩበት፤ ያም ጊታር ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለችው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጋሼም ለልምምድ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያወርዱት እሱን ነው።