ጃክ፣ ጀምሰን ወይስ ጆኒ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ሱቅ ለቤት ኮክቴል ውስኪ ስትገዙ

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ መደርደሪያ ፊት ቆማለች።

"ወንድምዓለም፣ ያን ባለፈው እናንተ ቤት የሠራህልንን መጠጥ ልሠራ ነው። እንግዳ አለብኝ። ጃክ አለ፣ ጀምሰን አለ፣ የጆኒ ዎከር ሬድ ሌብልም ብላክ ሌብልም አለ። የቱን ላንሳ?"

"የቱን የሠራሁትን? ሎሚ ያለበትን ነው ወይስ የብርቱካን ልጣጭ ያለበትን?"

"ኧረ እሱ ደግሞ ለውጥ አለው እንዴ?"

አለው። በጣም አለው። በስልክ በሁለት ደቂቃ ያልኳትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ ደሴ ውስጥም ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ውስኪ እንደ ለስላሳ ዝም ብሎ የሚነሳ ዕቃ አይደለም፤ ገንዘብ ይወጣበታል። የብር መጠን አልጽፍም፣ የዛሬው ዋጋ ነገ ይለወጣልና። ምን ለምን እንደሚሆን ግን አይለወጥም።

ደረቁን ለሚጠጣ ሰው ስሙና ዋጋው ሊመሩት ይችላሉ። ለኮክቴል ግን መጀመሪያ የሚመረጠው መጠጡ ነው። ጠርሙሱ ከዚያ ይከተላል።

ሎሚው ወይስ ልጣጩ

ቤት ውስጥ ለመጀመር ሁለት መጠጦች ይበቃሉ፤ ኦልድ ፋሽንድ እና ውስኪ ሳወር።

ኦልድ ፋሽንድ ሽማግሌው ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 በኒውዮርክ ግዛት የሚታተም አንድ ጋዜጣ ኮክቴል ምን እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም ነው ብሎ ነበር። ኦልድ ፋሽንድ ከዚያ ብዙም ፈቀቅ አላለም፤ ስሙ ራሱ "የድሮው ዓይነት" ማለት ነው። ወፍራም ብርጭቆ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ቢተርስ (ያ መራራ ቅመም)፣ ትንሽ ውሃ ታደርጋላችሁ። ስኳሩ እስኪሟሟ ታሻላችሁ። 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ ማለትም 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ትጨምራላችሁ። በረዶ ትከቱና ቀስ ብላችሁ ታማስላላችሁ። ከላይ የብርቱካን ልጣጭ። አለቀ።

ሳወር ሌላ ባሕርይ አለው። 45 ሚሊ ውስኪ፣ 25 ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ሚሊ የስኳር ሽሮፕ ነው። ሽሮፑ አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ ለብ አድርጎ ማሟሟት ብቻ ነው። ሼከር የለንም ብላችሁ አትተዉት፤ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የማርማላታ ብልቃጥ ይበቃል። ሁሉንም ከበረዶ ጋር ክተቱና በኃይል ናጡት። ብልቃጡ ውጪው ጤዛ ሲያወጣና ጣታችሁን ሲያደነዝዘው ደርሷል።

በእኔ ሚዛን ለወሎ ቤት መጀመሪያ የሚመከረው ሳወር ነው። ምክንያቱ ሎሚያችን ነው። ከሐይቅ በመጣ ዓሣ ላይ የምንጨምቀው ያ ትንሽ፣ ልጣጩ ስስ የሆነ ሎሚ ሽታው ኃይለኛ ነው። ለሳወር የምትፈልጉት ነገር ሁሉ፣ ከውስኪው በቀር፣ ከጉሊት ይገኛል። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ። ልኬቱ የተጻፈው ውጪ አገር ላለው ትልቁ ቢጫ ሎሚ ነው። በእኛው ሎሚ ስትሠሩ በ20 ሚሊ ጀምሩና ቅመሱ። ከዚያ የጎደለውን ጨምሩ። ጭማቂውም የዚያኑ ሰዓት የተጨመቀ ይሁን፤ ያደረ ሎሚ ይመርራል።

ውጪ አገር ሳወር ላይ አረፋ እንዲሠራ የእንቁላል ነጭ ይጨምሩበታል። ጥሬ እንቁላል ለማይወድ፣ ወይም ቀኑ ጾም ለሆነበት ሰው፣ የተቀቀለ ሽምብራ ውሃ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ወፈር ብሎ፣ ያለ ጨው፣ በደንብ የቀዘቀዘ ይሁን። አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። መጀመሪያ ያለ በረዶ ናጡት፣ ከዚያ በረዶ ጨምሩና ድገሙት። አረፋው እንደ ማኪያቶ አናት ነጭ ሆኖ ይቆማል።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ

ጃክ ዳንኤልስ ከአሜሪካ፣ ከቴነሲ ግዛት ነው። እህሉ 80 በመቶ በቆሎ ነው። ውስኪው ተጣርቶ ከወጣ በኋላ በሜፕል እንጨት ከሰል ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ያልፋል። ከዚያ ውስጡ በእሳት የተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ይተኛል። ቫኒላና የተቃጠለ ስኳር የሚመስለው ጣዕሙ በአብዛኛው ከዚያ በርሜል የመጣ ነው። ሁለቱም መጠጦች ያደጉት በአሜሪካ ውስኪ ነው፤ ስለዚህ ጃክ ኦልድ ፋሽንድ ውስጥ ሲገባ ከስኳሩም ከብርቱካኑም ጋር ይስማማል። ሳወር ውስጥም ሎሚው አያሸንፈውም። አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው የምገዛው፣ ሁለቱንም መሥራት እፈልጋለሁ ለሚል ሰው መልሴ ጃክ ነው። እንደ ጂም ቢም ያለ ቡርቦን ካገኛችሁም ያው ነው፤ ቡርቦን በአሜሪካ ሕግ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ያለበት ነው፣ የሚተኛውም እንዲሁ በተለበለበ አዲስ በርሜል ነው።

ጀምሰን አይሪሽ፣ የአየርላንድ ውስኪ ነው። ሦስት ጊዜ ስለሚጣራ ጉሮሮ አይቧጭርም። ጭስ ጭስ አይልም። ውስኪ ጠጥቶ ለማያውቅ እንግዳ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው፤ በጀምሰን የተሠራ ሳወር ሸጋ ነው፣ ቀለል ይላል። ኦልድ ፋሽንድ ላይ ግን ይደክምብኛል። ቢተርሱና ልጣጩ ውጠውት፣ ብርጭቆው ውስጥ የብርቱካን ሽታ ብቻ ይቀራል። ሞክሬው አይቼዋለሁ፤ ለዚያ መጠጥ ብላችሁ አትግዙት። ግማሹን ለኮክቴል፣ ግማሹን ደረቁን ለሚጠጡ ዘመዶች የምታውሉት ከሆነ ግን እሱን አንሱ።

ጆኒ ዎከር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስኮች፣ ማለትም የስኮትላንድ ውስኪ ነው፣ ጭስ አለበት። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ስትከፍቱ የሚመጣውን ሽታ አስቡት፤ በጣም ቀለል ያለ እንደዚያ ነገር አለው። ሬድ ሌብል ዕድሜው ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም፣ ኃይለኛም ነው። ብላክ ሌብል ደግሞ ውስጡ ካሉት ውስኪዎች ትንሹ 12 ዓመት የተኛ ነው፤ ለስለስ ይላል። ጭሱና ሎሚው በስኳር ብቻ ሲገናኙ አይግባቡም። ሬድ ሌብልን ለተራው ሳወር ገዝቶ "ኮክቴል አልወድም" ያለ ሰው አውቃለሁ። ጥፋቱ የኮክቴሉ አልነበረም።

በስኳሩ ቦታ ማርና ዝንጅብል ስታስገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳም ሮስ የተባለ ባርቴንደር ኒውዮርክ ውስጥ ስኮች፣ ሎሚ፣ ማርና ዝንጅብል አዋህዶ ፔኒሲሊን የሚባል መጠጥ ሠራ። አሁን ዓለም ያውቀዋል። የእኛን ጓዳ አይቶ የሠራው ነው የሚመስለኝ። ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ለብ ያለ ውሃ ፍቱ። የተወቀጠ ዝንጅብል ጨምሩበት፣ ሩብ ሰዓት አቆዩትና አጥልሉት። ከዚያ በሳወሩ ልኬት ሂዱ፣ በስኳር ሽሮፑ ቦታ ይሄን አድርጉ። ሬድ ሌብል ለዚህ ይበቃል። ሮስ ከላይ ጠብ የሚያደርጋት በጣም ጭስ ያለባት ሌላ ስኮች አለች፤ ብትቀርም መጠጡ ይጠጣል።

ብላክን ሎሚ ውስጥ መክተት ግን ያሳዝነኛል። ካላችሁ በትንሽ ማር፣ እንደ ኦልድ ፋሽንድ አድርጋችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ጠጡት። ለኮክቴል ብሎ ብላክ መግዛት ግን ብር ማባከን ነው።

ሒሳቡም ቀላል ነው። በ45 ሚሊ ልኬት የ700 ሚሊ ጠርሙስ 15 ብርጭቆ ይወጣዋል። የ1 ሊትሩ 22። ዋጋ ስታወዳድሩ የጠርሙሱን ሳይሆን የአንዱን ብርጭቆ አውጡ፤ አንዳንድ ጊዜ ትልቁ ጠርሙስ ይረክሳል።

ቢተርሱ ከየት ይምጣ

ኦልድ ፋሽንድን ሰው የሚተወው እዚህ ነው። ታዋቂው ቢተርስ አንጎስቱራ ነው፤ ወረቀቱ ከጠርሙሱ የሚበልጥ፣ አንገቱን የሸፈነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ቬኔዙዌላ ውስጥ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ለሆድ መድኃኒት ብሎ የጀመረው ነው፤ ዛሬ ትሪኒዳድ ነው የሚሠራው። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጪ የሚመጣ ሰው ካላችሁ አስመጡት። በጠብታ ስለሚለካ የ200 ሚሊዋ ጠርሙስ ከ60 ብርጭቆ በላይ ታገለግላለች።

ካጣችሁ ደግሞ ፈርኔት አለላችሁ። አዎ፣ በየግሮሰሪው የሚሸጠው የአገራችን ፈርኔት። እሱም ከመራራ ሥርና ቅጠል ነው። ካናዳ ውስጥ ስም ያለው፣ ቶሮንቶ የሚባል ኮክቴል ውስኪና ፈርኔት አንድ ላይ የሚገቡበት ነው። በጃክ ኦልድ ፋሽንድ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞልታችሁ ሳይሆን ጎደል አድርጋችሁ ጨምሩ። ጌሾም ሞክሬ ነበር። መራራነቱ ጥሩ ሆኖ ሽታው ወደ ጠላ ጎተተብኝ፤ ተውኩት።

ብርቱካኑ የበሰለ ይሁን። ከመርሳ በኩል የሚመጣው ልጣጩ አረንጓዴ ቢመስልም ችግር የለውም፤ በጥፍራችሁ ጫር አድርጋችሁ አሽቱት። ሽታ ካለው ዘይት አለው። ልጣጩን አውራ ጣት በምታህል ስፋት ላጡና ነጩን አስወግዱ። ብርጭቆው አፍ ላይ ይዛችሁ እጠፉት። መብራት ፊት ብታደርጉት እንደ ካፊያ የሚረጨው ነገር ይታያችኋል። መጠጡ ላይ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ዘይት ይቀራል፣ የመጀመሪያውን ሽታ የሚሰጣችሁም እሱ ነው።

በረዶው ትልቅ ይሁን፣ ቶሎ ሟሙቶ እንዳያቀጥነው። በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሥሩት። ክደኑት፤ ያልተከደነ በረዶ የሥጋና የሽንኩርት ሽታ ይስባል።

ከመክፈላችሁ በፊት

አንድ የበዓል ዋዜማ ከአንድ ሱቅ ጠርሙስ ገዝቼ ቤት ገባሁ። ክዳኑን ስጠመዝዘው ቀጭ አላለም። ዝም ብሎ ዞረ። ሽታው የውስኪ ሳይሆን የካቲካላ ነበር፤ አፍሼዋለሁ። ፎርጂድ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ባዶ ጠርሙስ ተሞልቶ ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱን አይቶ መርካት አይበቃም። የክዳኑ ቀለበት አለመቆረጡን፣ ክዳኑ ዙሪያ ሙጫ አለመኖሩን፣ ከጎኑ ካሉት ጋር የሙሊቱ ልክ እኩል መሆኑን እዩ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ተዉት። ባዶ ጠርሙሳችሁንም ወረቀቱን ቀድዳችሁ ጣሉት።

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ በረዶ ያለበት ሳወር ያምራል። ደሴ ላይ ግን ማታ ከጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ በረዶ ማን ያያል? ያኔ 45 ሚሊ ጀምሰን፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ትንሽ ሎሚ፣ ሁለት ሦስት ቅርንፉድ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ ከላይ ትኩስ ውሃ። አይሪሾች ለብርድ የሚጠጡት ይሄንኑ ነው። ውስኪውን እሳት ላይ እንዳታደርጉት፤ አልኮል በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ተንኖ ይሄድባችኋል።

የማይጠጣ እንግዳ በእኛ አገር ከሚጠጣው ሊበዛ ይችላል። ያንን የማርና የዝንጅብል ሽሮፕ በሎሚና በአምቦ ውሃ፣ በዚያው በሚያምረው ብርጭቆ አቅርቡለት። ለእሱ የሚናጥበት ብልቃጥ ግን የብቻው ይሁን፤ ውስኪ የነካው ዕቃ እንዳይደርስበት።

እህቴ በመጨረሻ ጀምሰን አነሳች። ሎሚ ነበራት፣ ቢተርስ አልነበራትም፣ እንግዶቿም ውስኪ ለምደው አያውቁም። እኔ ከደሴ የራሴን ጃክ ይዤ ወረድኩ። ሐረጎን፣ ያን የደሴ ዳገት፣ ማታ ጠጥቶ መውጣት የማይታሰብ ስለሆነ ሳሎኑ ውስጥ አስቀድማ ሦስት ፍራሽ አንጥፋ ጠበቀችን።