የእንግሊዝኛ «የእጅ» ፈሊጦችን የሚያስተምር አፕ፦ ድምፁ ምርጥ፣ ታሪኩ ተረት

የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገር የሚያስተምር አንድ አፕ ስጠቀም ከርሜያለሁ። ስሙ ይቅር። የማወራው ስለ «እጅ» ምዕራፉ ነው፤ ነፃው ክፍል እሱ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚሞክረውም እሱን ነው።

መጀመሪያ የሚመሰገንበትን ልናገር። ድምፁ ምርጥ ነው። «ሃንድስ ዳውን» ሲል ተናጋሪው «ድ»ን ውጧት ያልፋል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ይደግምልሃል። ትርጉም አያሸመድድህም። ሁለት ሰዎች ስለ ኳስ ያወራሉ፣ አንዱ «ሃንድስ ዳውን አሸነፉ» ይላል፣ አንተ ከሦስት አማራጭ ትመርጣለህ። መልሱ፦ ላብ ጠብ ሳይላቸው አሸነፉ። አመጣጡንም በትክክል ነው ያስቀመጠው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የፈረስ ውድድር ላይ ሌሎቹን ጥሎ የሄደ ጋላቢ ፈረሱን መገፋፋት ስለማያስፈልገው ልጓሙን አላልቶ፣ እጁን ዝቅ አድርጎ መስመሩን ያልፍ ነበር።

«ሬድ ሃንድድ»ም ጥሩ ተሠርቷል። እጁ በደም እንደቀላ የተያዘ ሰው ማለት ነው፣ መነሻውም የ15ኛው መቶ ዘመን የስኮትላንድ ሕግ ነው። እኛ እጅ ከፍንጅ እያልን ስላደግን ይቺ ቶሎ ትገባናለች።

ነገር የሚበላሸው ከእያንዳንዱ ፈሊጥ ሥር ያለችው ቢጫ የታሪክ ሳጥን ላይ ነው። «አፐር ሃንድ» ማለት የበላይነት መያዝ መሆኑን በደንብ ያስረዳና ከቤዝቦል መጣ ይልሃል። ሁለት ልጆች የኳስ መምቻውን ዱላ ከታች ጀምረው በየተራ እየጨበጡ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እጁ መጨረሻ ላይ ከላይ የዋለው ቡድኑን ቀድሞ ይመርጣል። ታሪኩ ያምራል፣ ሥዕሉም ያምራል። ችግሩ፣ አባባሉ በ15ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ነበረ፣ ቤዝቦል ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው በ19ኛው ነው። ልጁ አባቱን ወለደው ማለት እኮ ነው! «ይባላል» የምትል አንዲት ቃል እንኳ አልጨመሩበትም።

«ሃንድ ኦቨር ፊስት» ላይ ደግሞ የተጨበጠ ቡጢ ሥለዋል። ሥዕሉን ያየ ሰው ስለ ድብድብ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ትርጉሙ ግን ገንዘብ በላይ በላዩ ማጋበስ ነው፣ የመጣውም ከመርከበኞች ነው፤ ገመድ ላይ ሲወጡ አንዱን እጅ ከሌላው በላይ እያፈራረቁ ቶሎ ቶሎ ይጨብጣሉ። «ኦል ሃንድስ ኦን ዴክ»ም (ሁሉም ሠራተኛ ወደ መርከቡ ወለል ይውጣ) የመርከብ ነው፣ እዚያ «እጅ» ማለት ሠራተኛው ራሱ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጧቸው አንዱ ሌላውን ያስረዳ ነበር፣ እነሱ ግን በፊደል ተራ ደርድረው በታትነዋቸዋል።

በጣም የቆጨኝ ግን የማቴዎስ ወንጌሉ ነው። ጲላጦስ እጁን የታጠበበትን (ምዕራፍ 27) በትክክል አስገብተዋል፣ ከነገሩ ውስጥ የለሁበትም ማለት ነው። ምዕራፍ 6 ላይ ያለውን፣ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ግን «የተዘበራረቀ መሥሪያ ቤት» ብለው ብቻ አለፉት። የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንዱ ክፍል ሌላው የሚሠራውን አያውቅም ብሎ ለማማረር ነው የሚጠቀምበት፣ እሱ ልክ ነው። ወንጌሉ ላይ ግን ምጽዋትህን በስውር ስጥ የሚል ምክር ነው፣ እኛም እስከ ዛሬ ለዚያው ነው የምንጠቅሰው። ምክሩ እንዴት ወቀሳ እንደሆነ አንድ መስመር ቢጽፉ ምን ነበረበት? አንድ ሐበሻ አለቃው ስብሰባ ላይ ይህን ሲል ቢሰማ የተመሰገነ መስሎት ፈገግ ሊል ይችላል።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፣ ሦስቱም ለድምፁና ለልምምዱ ነው። ለአይኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የንግግር ክፍል የምትዘጋጁ ከሆነ አውርዱት፣ ቢጫ ሳጥኗን ግን ዝለሏት። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ታክሲ ውስጥ ይመቻል። ወርሃዊ ክፍያውን ለጊዜው አትንኩት፤ የሚከፈልበትን «ራስ» እና «እግር» ከፍቼ አይቻለሁ፣ ልምምዱ ያው ነው፣ ተረቱ ግን ብሷል።